ከዜማው በፊት

ኡርፖ ኪቦርዱን አቅፎ ገባ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
የታመመ ጥጃ እንዳመጣ ሰው፣ «እስቲ እዪልኝ» ብሎ።
ጥርሱ ወይቧል፣ ከዳርኞቹ ሁለቱ ረግፈዋል፣
ሆዱ ውስጥ ያለው ታንጎ ግን ዛሬም ሰው ያስነሣል።
ሣጥን ሙሉ ፍሎፒ አለው፣ በእርሳስ የተጻፈባቸው፦
«ታንጎ፣ ፈጠን ያለ»፤ «ቫልስ»፤ «ዝናብ ሲጥል ብቻ» የሚሉ ናቸው።
«አንድ ዜማ ጨምሪበት፤ ለቅዳሜ ይድረስልኝ፣
ሂልካ ድንች ስትልጥ ያንጎራጎረችው ነው» አለኝ።

ቀላል መስሎኝ። ጽፌዋለሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ያለ ፋይል፤
በፍሎፒ ገልብጦ ማጉረስ፣ ይሄ ማንን ያቅታል?
አጎረስሁት፤ ክርር አለ፤ አላመጠ፤ ተስፋዬ ሰፋ፤
«ዲስክ የለም» አለኝ በጽሑፍ፣ ዲስኩን ጎርሶ በይፋ።

ለካ ሽማግሌ የሚጎርሰው በልኩ ነው፣ በለመደው፤
የእኔ ዲስክ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ እሱ ባለ አንዱን ነው የሚወደው።
አንዷን በፕላስተር ሸፈንሁ፣ እንደ ታመመ ዓይን፣
ግማሽ አቅሟን ረስታ የድሮዋን እንድትሆን።
ሰባት መቶ ሃያ ኪሎባይት፦ ዛሬ ለአንድ ፎቶ አይበቃም፤
ለኡርፖ ግን የአንድ በጋ ጭፈራ ነው፣ ሞልቶም አያውቅም።

ስምም ይመትራል፤ ከስምንት ፊደል በላይ አያስገባም፤
«የሂልካ የበጋ ሌሊት» ብዬ ብለምነው አልራራልኝም።
«የሂልካየበጋሌ» ብሎ መዘገበ፤ «ሊት» ውጭ ቀረች፤
ፊንላንድ በሰኔ፣ መቼስ፣ ሌሊት መች ሙሉ ሆና ታውቃለች?

ደግሞ ብዙ መስመር አይወድም፤ ቤዙን፣ አኮርዲዮኑን፣ ከበሮውን፣
በየክሩ ያስተኛሁትን፣ በአንድ ክር ፈተልሁለት ሁሉን።
መጀመሪያ ሲጫወት ከበሮው በፒያኖ ድምፅ ወጣ፣
ድመት ቁልፎቹ ላይ እንደሮጠች፣ ከላይ ታች ተንጣጣ።
ኡርፖ እስኪያስለው ሳቀ፦ «ወንድሜ ሲሰክር እንዲህ ነው!»
ለካ የከበሮ ቤቱ አሥረኛው ነው፣ ሌላ ቤት ያሳደርሁት እኔው።

ዜማው ለቅዳሜ ደረሰ።
በዚህ ብተወው ምን ነበር?

ባለሙያ ግን አያርፍም፤ ያልታዘዘውን ያስባል፦
«ማንበቢያው አርጅቷል፣ ዛሬ ባይሞት ነገ ይሞታል።»
ሆዱን ከፈትሁና ነቀልሁት፤ በፍላሽ የሚሠራ ተካሁለት፣
ሺህ ዲስክ የሚያህል የሚይዝ፣ ትንፋሽ የማይሰማበት።

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር፣ የሳንቃው አዳራሽ ውስጥ፣
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትሰምጥ፣
ኡርፖ ቁልፉን ተጫነ፤
ዜማው ከመቅጽበት ጀመረ፤ ወለሉ ባዶ ሆነ።
ወንዶቹ በዚያኛው ግድግዳ፣ ሴቶቹ በዚህኛው ግድግዳ፣
አርባ ዓመት የሚተዋወቅ ሰው፣ አንዱ ለአንዱ ባዳ።
አንድ ታንጎ አለቀ። ሁለተኛው።
የደነሰ ትንኝ ብቻ።

ሂልካ ዱላዋን ይዛ መጣች፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፤
«ያ ጉርምርምታው የት ሄደ?» አለች።
«የምኑ?»
«ከዜማው በፊት የሚመጣው። ካውኮን አታውቂውም?
ዝም ባለ ቤት አይነሣም፤ ሁሉ ያየኛል ብሎ ያፍራል፤
ዜማ ከጀመረም አይነሣም፤ ዘገየሁ ብሎ ይቀራል።
ማሽኑ ሲያጉረመርም ግን የሁሉም ዓይን ወደ ማሽኑ ነው፤
በያቺ አሥር ሰከንድ ነበር ወለሉን የሚሻገረው።»

ፍላሹ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ሺህ ዲስኩን እንደታቀፈ።
የድሮውን ማንበቢያ ከጥራጊው ሣጥን አወጣሁ፣
በአልኮል ጠረግሁት፣ ሐዲዱን ቅባት ቀባሁ፣
ድምፁን ግን አልነካሁም።

ክርር… ክርር…
ማሳያው ላይ «የሂልካየበጋሌ»።
ገና ፊደሉ ብልጭ ሲል፣ አንድ ወንበር ተንፏቀቀ፤
ካውኮ ኮቱን እየቆለፈ፣ የወለሉን እኩሌታ ዘለቀ።